ሟቹ ምሳ አልበላም

ደባርቅ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሚገኘው ለአንዱዓለም ያየህ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ አራተኛ ወሩን ያዘ። በወረቀት መጻጻፍ ከጀመርን ወዲህ የእኔ የእጅ ጽሑፍ እንደተሻሻለ ሊድያ መስክራለች፤ ያንተ ግን ያው የሐኪም ማዘዣ ነው። ጥያቄዎችህን አንብበን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ከጨረስን በኋላ ደግሞ ምነው ባላነበብናቸው አልን።

በተራ ልመልስልህ። ድምፁ የተበላሸው በሊድያ ጥፋት አይደለም። ማይኩን የመጥረጊያ እንጨት ላይ አስረን ነው የያዝነው፤ የደባርቅን ነፋስ ደግሞ አንተ አታጣውም። አዎ፣ ትዕይንት ሦስት ላይ በሬው በመሃል ቀለሙን ይቀይራል። የመጀመሪያውን በሬ ባለቤቱ ሳይነግረን ገበያ አውጥቶ ሸጠው። ይህን የሚያስተውል ተመልካች ካለ ፊልሙ ድሮም አላሳቀውም ማለት ነው። ካሜራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የእኛ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ የሚቀርጸው ባለቤቱ ይወስደዋል። ሰኞ ስንቀበለው ሌንሱ ላይ የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ እናገኛለን።

ስለ አባትህ የጠየቅከኝ ከሁሉ አሳቀኝ። መተወን ይችላሉ ወይ? አንተ የጻፍከውን ስክሪፕት ዳባት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። «ታዲያ ይሄ ሰውየ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ምንም አላጠፋ፤ ገበያ ሄዶ ሦስት ቀን ቆየ። ዛሪማ ላይ ሞተ ተብሎ ተለቀሰለት። ሲመለስ ለቀስተኛው ምሳ እየበላ ነው፤ ለሱ ግን ሟች ነህ ተብሎ የሚያቀርብለት ጠፋ» አልኳቸው። ሲስቁ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «ሌላ ሰው አትፈልጊ፤ እኔው ነኝ» አሉኝ። እናትህ እትየ በለጠች ግን አልሳቁም። «በቁሙ አታስለቅሱበት፤ ሟርት ነው» ብለው በሩን ዘግተውብን ገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ለለቅሶው ትዕይንት የገዛነው የቆርቆሮ ጡሩምባ የሕፃን መጫወቻ ድምፅ አወጣ። ስለዚህ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አያ አለነን ለመንን። ዳባት ውስጥ ሰው ሲሞት የሚለፍፉትም፣ ሩቅ ላለ ዘመድ መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው አይደሉ? ትዕይንት ሰባት ላይ መርዶ ነጋሪው እንዲሆኑም ጠየቅናቸው። በደስታ እሺ አሉ። የፊልሙ ሟች ጎሹ እንደሚባል ስነግራቸው ግን ጡሩምባቸውን መሬት አስቀመጡ። «በእድሩ መዝገብ የሌለ ሰው ስም ጠርቼ አላውቅም፤ አሁንም አልጠራ» አሉ። ብንለምን፣ ብንለምን እምቢ። መጨረሻ ላይ አባትህ «እንግዲያ የኔን ስም ጥራዋ። እኔ እንደሆንሁ መዝገቡ ላይ አለሁ» አሏቸው። በዚህ ተስማሙ።

አያ አለነ ኮረብታው ላይ ወጥተው ነፉና «ያየህ አርፏል! ወዳጅ ዘመድ ስማ!» አሉ። እኛ ገና ካሜራውን አላበራንም። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ደረታቸውን እየደቁ የመጡትን ሴቶች አባትህ በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ስድብ ወረደብን፤ በኋላ ጠላ ተቀዳና ሳቅ ሆነ። በማግስቱ ለፊልም መሆኑን አስታውቀን አስነፋን፤ ባትሪው መሃል ላይ አለቀ። በሦስተኛው ቀን እንደገና አስነፋን። የሚያስገርመው፣ ሰዉ እያወቀም መጣ፤ እያወቀም ከመጀመሪያው አብልጦ አለቀሰ። የላክሁልህ ያ ነው። ባለ እድሮቹ ሲሄዱ አባትህን «ከእንግዲህ ብትሞት አንመጣም» አሏቸው። «እኔም አልጠራችሁም» አሏቸው።

የቀረን ሟቹ ከገበያ ተመልሶ ለቅሶ ቤት የሚገባበት ትዕይንት አሥራ አራት ብቻ ነው። አባትህ ገብሱን እስካጭድ ጠብቁኝ ብለዋል። የተቀረጸባቸውን የካሜራ ካርዶች ለሾፌሩ ለሙሉሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በሚኒባሱ ጎንደር ድረስ ይዞ ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት ያስረክብልኛል። ሳቅህ ወይስ አልሳቅህም? ይህን ሳትመልስ ሌላ ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ።

እየሩስ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳይሬክተር ነኝ ለምትለው ለእየሩስ፤

ጤና ይስጥልኝ። ካርዶቹ ደርሰውኛል። አንዱ በማስቲካ ወረቀት ተጠቅልሎ ስለመጣ ለጥቂት ከነወረቀቱ ሊጣል ነበር። እባክሽ ቢያንስ ፖስታ ውስጥ አድርጊው።

ስቄያለሁ። ሁለት ጊዜ። በቃሽ?

አንደኛው ትዕይንት ሰባት ላይ ነው። አሥራ አንድ ሽማግሌ ማለዳ የተሳሳተ ሰው ደጃፍ ላይ ተደርድሮ፣ አንዱ ሌላውን «አንተ ተናገር» እያለ በክርኑ ሲጎሽም፣ አያ አለነ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጋቢህን ደርብና አንዴ ውጣ» ሲሉ አላስቻለኝም። ሰውየው የተወለዱት ለፊልም ነው። ሁለተኛው አባቴ ነው። በየትዕይንቱ ካሜራውን ያያል። ገበያ ሲወጣ ያያል፣ ሲራመድ ያያል፣ በግ ሲጎትት ያያል። ስንት ቦታ እንደቆረጥኩት አልነግርሽም። ካሜራ አይዩ በያቸው።

የምሠራበትን ሁኔታ ጠይቀሽኝ ነበር። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ሀብተ ሚካኤል ኮምፒዩተሩን የሚለቅልኝ የሠርግ ሥራ በሌለ ሰዓት ነው። ትናንት የሙሽራ እናት አልበም ልትመርጥ ስትገባ ስክሪኑ ላይ ዳባት በሙሉ ደረቱን ይመታል። «እዚህ ቤትስ አላሠራም» ብላ ወጣች። ሀብተ ሚካኤል ምሳውን ለብቻው በላ። ፊልሙን የምናስገባበት ውድድር ታኅሣሥ 20 ነው። ተቀምጬ መሥራት አልቻልኩም፤ አንድ ደቂቃ ቆርጬ ሁለት ደቂቃ ክፍሉን እዞራለሁ።

ካፖርት ልኬልሻለሁ። ሟቹ ከገበያ ሲመለስ ለቀስተኛው መጀመሪያ ላይ የማያውቀው በአዲሱ ካፖርት ምክንያት ስለሆነ ካፖርቱ የግድ ነው። ከሰልባጅ ተራ ያገኘሁት ግራጫ ነው። አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበርና በጥቁር ተክቼዋለሁ፤ ካሜራው በዚያ በኩል እንዳይሆን። ከቀረጻው በኋላ የአባቴ ነው። ቀድመሽ ከነገርሽው ግን ለብሶት እርሻ ይወርዳል።

ሌላም አደራ አለ። ከቤት ስወጣ ከአባቴ ጋር ተኮራርፈን እንደነበር ታውቂያለሽ። «ሰው ማሳቅ ደግሞ ትምህርት ነው?» ብሎኝ ነው የወጣሁት። አሁን ራሱ ሲያስቅ በየቀኑ እያየሁት ነው። ትዕይንት አሥራ አራትን ሲጨርስ «አንዱዓለም ጥሩ ሠራህ ብሎሃል» በይልኝ። ሲጨርስ ነው፤ አሁን ከሰማ ሥራውን ይንቃል።

አንዱዓለም


ዳባት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዱዓለም፤

ይህን ደብዳቤ እንደማልክልህ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ለሌላ ሰው መናገር አልቻልኩም፤ ላንተ መናገር ተከልክያለሁ።

አባትህ ሞተዋል። ከትናንት ወዲያ ሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል። ቅዳሜ ሲያጭዱ ውለው ሆዴን አሉ፤ እሑድ ትንሽ ተሽሏቸው ነበር አሉ። ሰኞ ጠዋት እኔና ሊድያ ለትዕይንት አሥራ አራት ከደባርቅ መጣን። ከሚኒባሱ ስወርድ ጡሩምባ ሰማሁ። ቀና ስል አያ አለነ ኮረብታው ላይ ናቸው። «ያየህ አርፏል» ይላሉ። ቃሉም ዜማውም ያው የሦስቱ ቀን ነው። «አያ አለነ፣ ገና ነን! ካሜራው አልተከፈተም!» ብዬ ጮህኩባቸው። እያለቀሱ ነበር። በደንብ እየሠሩ ነው ብዬ አሰብኩ፣ አንዱዓለም። እንዲያውም ለሊድያ «ዛሬ ጎበዙ» አልኳት።

ማንም አልመጣም። አጫጆቹ ቀና ብለው አዩ፣ ተሳሳቁ፣ ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ። ቤት ገብቼ እትየ በለጠችን ካየሁ በኋላ እኔና ሊድያ ቤት ለቤት ዞርን። «እውነት ነው፣ ሞተዋል» ስንል የሚያምነን ጠፋ። አንዷ «ካሜራውን የት ደብቃችሁት ነው?» አለችኝ። ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነበር። ማውረድ እንኳ ረስቼ ይዤው ስዞር ነው ያረፈድሁት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አንች ልጅ፣ ባለፈው የላብንበት አነሰሽ?» ብለው በር ዘጉብኝ።

ካህናቱ ጠበቁ፣ ጠበቁና ሰዓቱ አለፈ ብለው ተነሡ። ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው ካህናቱን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ነው። እኔ ቆጠርኩ። በውሸት ግቢያቸው ሞልቶ የፈሰሰላቸው ሰው በእውነቱ በአሥራ ዘጠኝ ሰው ተቀበሩ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ እውነት መሆኑ ሲታወቅ አገሩ በሙሉ እየጮኸ መጣ፤ አፈር ከለበሱ በኋላ። አጫጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እናትህ «አልነገርኋችሁም?» እንኳ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ካፖርቱና ደብዳቤህ መንገድ ተዘግቶ ጎንደር ሰንብተው በማግስቱ ደረሱ። «ጥሩ ሠራህ በይልኝ» የሚለውን ዳሱ ሥር ቆሜ አነበብኩት። የምነግረው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለዋል። ማለዳ፣ ዘመድ ባለበት፣ ሰው ደግፎ ሲይዝህ ነው የሚነገርህ። አያ አለነ ራሳቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ላንተ የምጽፈው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንዳልነግርህ አስምለውኛል።

እየሩስ


ደባርቅ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለአንዱዓለም ያየህ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ሥራህስ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ሀብተ ሚካኤልስ ደህና ነው ወይ? ዛሪማ ያሉት አክስትህ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስገብተው ሰሞኑን መጥተው ነበር፤ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል። እትየ በለጠች ሰላም ብለውሃል። ሊድያ ሰላም ብላሃለች። ሙሉሰውም ሰላም ብሎሃል።

ካፖርቱ ደርሷል። ጥሩ ካፖርት ነው። ጥቁሩ ቁልፍ ብዙም አይታይም።

ትዕይንት አሥራ አራት ትንሽ ይቆያል። ባትሪው አስቸገረን፤ አጨዳውም አላለቀ፤ ሰዉም ተበታትኗል። አንተ የደረሰህን እየሠራህ ጠብቀኝ። ምግብህን በሰዓቱ ብላ። እስከዛሬ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅርታ አድርግልኝ።

እየሩስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

ምን ነካሽ? አንድ ገጽ ሰላምታ! ከመቼ ወዲህ ነው «ለተከበርከው ወንድሜ» የሆንኩት? የዛሪማ አክስቴን ሳይቀር ጠቅሰሽ አባቴን ረስተሽዋል። «ምግብህን በሰዓቱ ብላ» የምትይኝስ ከመቼ ወዲህ ነው? ይቅርታ ስትጠይቂ ስሰማ ደግሞ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማይኩን ወንዝ ውስጥ የጣልሽ ጊዜ እንኳ ወንዙን ነበር የወቀስሽው።

የሆነውን ልንገርሽ? አባቴ አልሠራም ብሏል። እናቴ ሟርት ነው ብላ አስፈራርታዋለች፤ ወይም አንድ ሰው ስቆበት ተቀይሟል። ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚያኮርፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ለመናገር ለምን ትፈሪያለሽ? በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ካፖርቱን አልብሰሽ ከጀርባ ልትቀርጪ አስበሽ ከሆነ አይሆንም። መራመዱ ይታወቃል። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እግሩን የሚስብ ሌላ ሰው ዳባት ውስጥ የለም። በየቀኑ ስለማየው ነው የምነግርሽ።

እዚህም ሰው ሁሉ ጸባዩ ተቀይሯል። የሰፈራችንን ልጅ ታደለን ታውቂዋለሽ፤ በየቀኑ እየመጣ «ይቺ ፊልም ናት?» እያለ የሚያበሽቀኝ። ሰሞኑን ማብሸቁን ትቷል። ትናንት ምሳ ጋበዘኝ፤ ራሱ ሳይበላ እኔን ሲያይ ዋለ። ሀብተ ሚካኤል ኮምፒዩተሩን ቀኑን ሙሉ ለቆልኛል። ፊልሙን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ። ይህን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?

ሥራ እንዳያመልጠኝ ብዬ እንጂ ይሄኔ ተነሥቼ መጥቼ ነበር። ትዕይንት አሥራ አራት ካልተቀረጸ ፊልሙ የለም። ሟቹ ካልተመለሰ ቀልዱ የቱ ላይ ነው? ዝም ብሎ ለቅሶ ነው። አባቴን በራሱ እጅ ሁለት መስመር እንዲጽፍልኝ አድርጊው፤ የቄስ ትምህርቱን ገና አልረሳም። ቢሰድበኝም ይጻፍ። እስከ ኅዳር 16 ካልደረሰኝ ሰኞውኑ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

አንዱዓለም


ደባርቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዱዓለም፤

አትምጣ። አያ አለነ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ይገባሉ። ያልላክሁልህን አንድ ካርድ ይዘውልሃል። ከሦስተኛው ቀን ለቅሶ በኋላ ሳላጠፋው የተቀረጸ ነው፤ ለሥራ አይሆንም ብዬ አስቀርቼው ነበር። እሑድ ማለዳ ከቤት እንዳትወጣ።

አባትህ ተቀይመው እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አልተቀየሙም። ያንተን ፊልም አልሠራም አላሉም። ይህንን እውነቱን ነው የምጽፍልህ።

የለቅሶውን ትዕይንት ረዝሟል ብለህ እንዳታሳጥረው። አንድም ሰው እንዳትቆርጥ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ።

እየሩስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። «አንዱዓለም ልጄ፣ ጋቢህን ደርብና አንዴ ውጣ» የሚል የአያ አለነ ድምፅ ሰማሁ። እየሳቅሁ ወጣሁ። ደጁ ላይ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ታደለ አለ፣ ሀብተ ሚካኤል አለ፣ እዚህ ያሉት የዳባት ሰዎች በሙሉ አሉ። መካከል ላይ አያ አለነ፣ ጥቁር ቁልፍ ያለበትን ካፖርት ለብሰው። ልክ አንቺ ትዕይንት ሰባት ላይ ያቆምሻቸው ቦታ።

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። «እየሩስ የት ተደብቃ ነው? ካሜራውስ?» አልኩ። ያልሳቁት እነሱ ብቻ ናቸው። በሕይወቴ እንዲያ አምሮብኝ ስቄ አላውቅም። «አያ አለነ፣ ካፖርቱ የአባባ አይደለም እንዴ? እርስዎ ምን ብለው ለበሱት?» ስላቸው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ፊልሙ ላይ አይንቀጠቀጥም። ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አይንቀጠቀጥም። ያን ጊዜ ገባኝ። ታደለ ከኋላዬ ይዞኝ ነበር፤ መቼ እንደያዘኝ አላውቅም።

ካፖርቱን ለእኔ እንዲመልሱ እናቴ ሰጥታቸው ነው፤ መንገድ ላይ በርዷቸው ለበሱት። አንቺ ያላዘዝሽው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ተናድጄብሻለሁ። አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ ሃያ ቀን ሙሉ ስክሪኑ ላይ እገድለዋለሁ፣ አስነሣዋለሁ፣ ካሜራ አየህ እያልኩ እሳደባለሁ። አንቺ ደግሞ ስለ ባትሪ ትጽፊልኛለሽ። ወጉ እንደዚያ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ብሆን ወረቀት ላይ አልነግርሽም ነበር። ቢሆንም ተናድጃለሁ።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። «ቀብሩ እንዴት ነበር?» ብዬ አያ አለነን ጠየቅኋቸው። «ደህና ነበር» ብለው መሬት አዩ። ሌላውንም ጠየቅሁ፤ እሱም መሬት አየ። መሬት ላይ ምን አለ? እናቴ «ለአርባው ይምጣ፤ ግን አባቱ የጀመረውን ጨርሶ ይምጣ፣ ባዶ እጁን አይምጣ» ብላ ልካብኛለች። ሟርት ነው ስትል የነበረችው እሷ እንዲህ ለምን ትላለች? የደበቃችሁኝ ሌላ ነገር አለ።

ካርዱን አልከፈትኩትም።

አንዱዓለም


ደባርቅ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዱዓለም፤

እግዚአብሔር ያጥናህ። ይህን ቃል ልጽፍልህ አንድ ወር ሙሉ ተጨንቄያለሁ።

ጥቅምት 27 የጻፍኩትንና ያልላክሁትን ደብዳቤ እንዳለ አያይዤዋለሁ። ምንም አልሰረዝኩም። መሬት ላይ ያለው እሱ ነው። አሁን መሐላዬም አብቅቷል።

ጡሩምባው ይነፋ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ይበቃ ነበር፤ ሦስት ቀን ያስነፋሁት እኔ ነኝ። አያ አለነ «ስሙ አይጠራ» ሲሉ እኛ ነን የለመንናቸው። እናትህ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ውሃ እቀዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አንናገርም። ባለፈው ማክሰኞ ብቻ «ያን ቀን የመጡት ሰዎች እዚያ መቅረጫ መሣሪያ ውስጥ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አሉ አልኳቸው።

ፊልሙን ብትተወው ይገባኛል። ስሜን ብታወጣውም ይገባኛል።

እየሩስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም። አሥራ ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር የትም ብሄድ ጥዬው መሄድ አቃተኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እቆጥራለሁ፤ እዚያም ከአሥራ ዘጠኝ አያንስም።

በሦስተኛው ቀን ካርዱን ከፈትኩት። ማጥፋት ረስተሽው አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ለቅሶው ያልቃል፤ አንቺ «በቃ፣ ጥሩ ነው» ትያለሽ፤ ሰዉ እንባውን እየጠረገ ይስቃል። ከዚያ አባቴ ከካሜራው ጀርባ ይወጣል። ለካ እዚያ ቆሞ ሁሉንም ሲያይ ነበር። በሰዉ መሃል እየዞረ አንድ በአንድ ያመሰግናል። «አንች ደህና አልቅሰሻል፣ እግዜር ይስጥሽ። አንተ ግን ምነው ቀዘቀዝህ? በጉን በርካሽ የሸጥሁልህን ረሳኸው?» ይላል። ሰውየው «ቆይ እንግዲያ» ብሎ እንደገና ይጮህለታል። ሁሉም ይስቃል። አባቴ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ፍሬሙን እያቆምኩ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ነው። ፊታቸው ይታያል፤ ስማቸውን የማውቀው ብዙ ነው። የእኔ አባት ማን ማን እንዳለቀሰለት በዓይኑ አይቷል፣ ምስጋናውንም ለእያንዳንዱ በአፉ አድርሷል። ይህን ያገኘ ሌላ ሟች አላውቅም። አንቺ አንድ ቀን ይበቃ ነበር ትያለሽ፤ አንድ ቀን ብቻ ቢነፋ ይህ አይኖርም ነበር። አልተናደድኩም ልልሽ አልችልም፤ ግን በአንቺ ላይ አይደለም። ስምሽን አላወጣውም። ገና ከፊልሙ መግቢያ ላይ ነው የጻፍኩት።

ትዕይንት አሥራ አራት አያስፈልገንም። ካርዱ ሊያልቅ ሲል ለቀስተኛው ቁጭ ብሎ ይበላል። አባቴ ብቻውን ቆሟል፤ ሟች ነኝ ብሎ ሊድያ ያቀረበችለትን መልሶ ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ አይዩ እየተባለ፣ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንደምቆርጠው ያወቀ ይመስል። «አንዱዓለም፣ አሁንስ ልብላ?» ይላል። ካርዱ እዚያ ያልቃል። ፊልሙም እዚያ ያልቃል። «ጥሩ ሠራህ» አልኩት፤ ሀብተ ሚካኤል ሰምቶኝ ቀስ ብሎ ወጣልኝ።

ታኅሣሥ 3 ዳባት እገባለሁ፤ አርባው በማግስቱ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ለምኚ፤ ዳሱን በሸራ አጨልሙት፤ አንሶላ ወጥሩ። እናቴን ፊት ለፊት አስቀምጫት። ምሳው ፊልሙ ሳያልቅ እንዳይቀርብ፤ እሱ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ይቅረብ። አያ አለነ ጡሩምባ እንዳይነፉ። አንቺው ቤት ለቤት ዙሪ፣ ካሜራውንም ትከሻሽ ላይ አድርጊው። የአባቴ ለቅሶ ነው እንዳትያቸው። ፊልም ነው በያቸው፤ ይመጣሉ።

አንዱዓለም